ከቀጠሮው ቀድሞ የመጣ እሳት

ሰው ክምሩ ሲቃጠልበት «አይዞህ» ይባላል። እኔ «ግለ ሂስ አድርጊ» ተባልኩ። ይኸው ስንት ክረምት አልፎበትም፣ ነገሩ ትዝ ሲለኝ የያዝኩትን ሰሃን የት እንደማስቀምጠው ይጠፋኛል። እስቲ ቁጭ በሉና ላውራላችሁ። ሳወራው ይበርድልኛል ብዬ ነው፤ ባይበርድልኝም ቢያንስ ለብቻዬ አልናደድም።

ቤቴ መርሳ ነው፤ ከተማው አልቆ የሙዙና የፓፓያው ማሳ ሲጀምር፣ ከአስፋልቱ ዳር። በጓሮዬ የመስኖ ቦይ ያልፋል። ያን ዓመት ሀብት የምለው ቀዮ የምትባል ላሜንና አንድ የማሽላ አገዳ ክምር ነበር። ቀዮ ከብዳለች። የክረምቱ ሣር እስኪደርስ ከዚያ አገዳ በቀር በአፏ የምትይዘው ነገር የለም። ክምሩ ካለ ቀዮ አለች፤ ክምሩ ከሌለ ግራና ገበያ ወስጄ ገመዷን ለማላውቀው ሰው አስረክቤ ባዶ እጄን መመለሴ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ የተናደድኩት በዚህች ነው።

ዘመኑ ሁሉም ነገር የሚደራጅበት ዘመን ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት አንድ ለአምስት ተደራጅቷል። ስብሰባ ያልተጠራበት ሳምንት ሲገኝ «ምን ሆነው ይሆን፣ ታመሙ እንዴ» ብለን እንሰጋ ነበር። በዚህ መሃል ነው ከአዲስ አበባ በጎ ፈቃደኛ ተንታኞች የመጡት። እሳት ሲነሣ ከወልዲያ እስከ መርሳ ፖሊሱም፣ ማዘጋጃውም፣ ውሃውም፣ ቀበሌውም፣ እድሩም ይሮጣል፤ ግን አንዱ ሌላውን ሳያውቅ ነው የሚሮጠው አሉ። ችግራችን የውሃ እጥረት እንዳይመስላችሁ፣ የቅንጅት እጥረት ነው አሉን። ጥምረት ተመሠረተ። ጥምረት ከተመሠረተ ደግሞ ሰብሳቢ አለ፣ ኮፍያ አለ፣ ባነር አለ።

ወደ እኛ ሠፈር የተመደበው ኪሩቤል የሚባል ልጅ ነው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ የሚዞር። ደመወዝ የለውም፤ በፈቃዱ ነው የመጣው። እናቱ እዚያ ሆና «ምን በልቶ ይሆን» እያለች የምትጨነቅ ይመስለኝና ቤቴ በመጣ ቁጥር እንቁላል እጠብስለታለሁ። እንቁላሌን በልቶ ነው ጉድ የሠራኝ።

እኔን ተንታኝ ያደረገኝም እሱ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ሱቅ ውስጥ ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬም ወረቀት ሲጣል ዓይኔ አብሮት ይሄዳል። ወልዲያ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠርተን፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ኪሩቤል ሳያነበው እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«እትዬ፣ የት ነው የተማሩት?» አለኝ።

«ስኳር ጥቅልል ላይ» አልኩት።

ሳቀ። በማግሥቱ «የማኅበረሰብ ተንታኝ» ተባልኩ። ተንታኝ ምን የሚሠራ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ አንድን ነገር በታትኖ የሚያይ ነው አለኝ። እንደሱማ ከሆነ ዶሮዎቼ ከኔ በፊት መሾም ነበረባቸው።

ሥራችን የጀመረው በጥያቄ ነው። «እዚህ ሠፈር እሳት ሲነሣ ምን ታደርጋላችሁ?» አለኝ። ነገርኩት። አንዱ እሪ ይላል፤ የሰማ ሁሉ በእጁ የገባውን ይዞ ይሮጣል። አንዱ ውሃ ይይዛል፣ አንዱ እርጥብ ቅጠል፣ አንዱ አፈር። ምንም ያልያዘም መጥቶ ይጮኻል፤ እሱም ይጠቅማል። ልጁ አንድ ሳያስቀር ጻፈው። በሳምንቱ ጥናቱን ይዞ መጣ። መደራረብ አለ አለን። ሁሉም ሁሉንም ስለሚሠራ ማንም ኃላፊነት አይወስድም፤ ስለዚህ ሥራው ይከፋፈል።

ተከፋፈለ። ውሃ፣ አሸዋ፣ ቃሬዛ፣ መረጃ። ውሃ የተሰጠው ለሠፈራችን ሴት ለዘይነባና ለሌሎቹ ሴቶች ነው፤ ሰማያዊ ኮፍያ ደረሳቸው። አሸዋ ለወጣቶቹ፣ ቢጫ። ቃሬዛ፣ ማለት ሰው ቢጎዳ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው፣ ለጎረቤቴ ለአያ ይመርና ለሌሎቹ አዛውንቶች፤ የእድሩ ቃሬዛ ከነነጭ ኮፍያው ተሰጣቸው። እኔ መረጃ ሆንኩ፣ ቀይ ኮፍያ፤ እሳት ሲነሣ ስልክ መደወል። አንዱ ቡድን በሌላው ሥራ እንዳይገባ ተብሎ ሦስት ጊዜ አስደገሙን። እኔም ተንታኝ ነኝና በየቤቱ እየዞርኩ አስጠናሁ። ጎበዝ አስጠኚ ነበርኩ ለካ።

ቀጥሎ ወደ ጉልቻዬ መጣ። የሣር ክዳን ያለው ማድቤት ውስጥ እሳት ማንደድ አደጋ ነው፣ ምድጃው ከቤት ይራቅ አለኝ። «የት ላርቀው? ግቢዬን አየኸው እኮ» አልኩት። ተመለከተና ወደ ጥግ ጠቆመኝ። ጥጉ ከቤቴ የራቀ ነው፤ እውነቱን ነው። ከክምሩ ግን ቅርብ ነው። «ክምሩስ?» አልኩት። «የክምር ነገር በሁለተኛው ዙር ጥናት ይታያል» አለኝ። እኔ ደግሞ እንቁላሉን ገለበጥኩለት።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። የልምምድ ቀን ተቆረጠ። ከወልዲያ እንግዶች መጥተው ቅንጅታችንን ሊያዩ ነው። ሜዳው ላይ ጭድ ተከምሮ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለኮሳል፣ ሁላችንም ኮፍያችንን አድርገን እናጠፋለን። የጥምረቱ ቦቴ ውሃ ሞልቶ ይመጣል። ባነሩ፣ «እሳትን በቅንጅት እንከላከል» የሚለው፣ በእኔ ሁለት ፓፓያዎች መሃል ተወጠረ፤ ምሳውም እኔ ላይ ተጣለ። እንግዶቹ እስላምም ክርስቲያንም ስለሆኑ ሥጋውን ትቼ ምስር ወጥ ልሠራ በድግስ ድስት ጣድኩ። የት? ጥጉ ላይ ነዋ። በጥናቱ መሠረት።

ዘይነባ ጠዋት በደጄ አልፋ ስትሄድ ሰማያዊ ኮፍያዋን በሻሿ ላይ ደፍታ ነበር።

«የት ነው?» አልኳት።

«ግራና። ገበያ ነው ዛሬ፣ ሴቶቹም ከኔው ጋር ናቸው።»

«እሳቱስ?»

«እሳቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የተባለው። ወላሂ ሳይለኮስ እንደርሳለን።»

እሳቱ አምስት ሰዓት ላይ መጣ።

ሽንኩርት ላመጣ ወደ ቤት ገብቼ ስወጣ፣ ነፋስ ፍም አንሥቶ ክምሩ ሥር ጥሎት አገዳው ይንጣጣል። እሪ አልኩ። ሰው መጣ፤ መጣ አይደለም፣ ጎረፈ። ግን እንደ ዱሮው አልመጣም፤ እንዳስጠናሁት መጣ። ወጣቶቹ ቢጫ ኮፍያቸውን አድርገው አካፋቸውን ይዘው ተሰለፉ። አሸዋ የለም። ለእሳት ብለን ያስቀመጥነው አሸዋ ባለፈው ሳምንት የቀበሌው ሽንት ቤት ሲሠራ አልቋል።

«አፈር ዛቁ እንጂ፣ አፈር» አልኳቸው።

«እኛ አሸዋ ነን» አለኝ አንደኛው፣ እየተርበተበተ። ሊያሾፍ እንዳይመስላችሁ። የቸገረው ልጅ ነው።

አያ ይመርና ጓደኞቻቸው ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ቃሬዛውን በአራት ማዕዘን ይዘው፣ ቦዩ አጠገብ ቆመዋል። ውሃው በእግራቸው ሥር ይሄዳል።

«አያ ይመር፣ አንቱ እንኳ ውሃ ይቅዱልኝ እንጂ» አልኳቸው።

«እኔ ቃሬዛ ነኝ፣ እቴ።»

«ቃሬዛውን ያስቀምጡታ።»

«አስቀምጬው ሰው ቢቃጠልስ? አደራ ብለሽ ያስጠናሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

እኔ ነኝ። ራሴ ጀሪካን አንሥቼ ወደ ቦዩ ስሮጥ አያ ይመር ከኋላዬ ጠሩኝ። «መረጃ አንቺ ነሽ እኮ፤ አንቺ ውሃ ከቀዳሽ ማን ይደውላል?» ከሁሉ የሚያበሳጨኝ፣ እውነት መስሎኝ ቆምኩ። ክምሬ እየነደደ ጀሪካኔን አስቀምጬ ስልክ ደወልኩ።

ኪሩቤል ወልዲያ ሆኖ እንግዶቹን እየጠበቀ ነው።

«ልጄ፣ እሳት ተነሥቷል።»

«እትዬ፣ ገና አምስት ሰዓት ነው እኮ። ማን ለኮሰው? እንግዶቹ አልተነሡም።»

«ማንም አልለኮሰው። የምሩን ነው። ክምሬ ነው።»

ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል። «እሺ፣ አይደንግጡ። ደረጃው ስንት ነው?»

«የምን ደረጃ?»

«ሠልጥነናል እኮ እትዬ። ደረጃ አንድ ጭስ ነው፣ ደረጃ ሁለት ነበልባል፣ ደረጃ ሦስት ወደ ሌላ ንብረት የተዛመተ።»

«አንተ ልጅ፣ አገዳ ነው የሚነደው። አንድ ነው ስልህ ሁለት ይሆናል፣ ሁለት ነው ስልህ ሦስት ይሆናል።»

«እስከ ሁለት ማኅበረሰቡ ነው የሚያጠፋው።»

«ማኅበረሰቡ ቃሬዛ ይዞ ቆሟል።»

«በጣም ጥሩ» አለኝ። «እንዲዘጋጁ ይንገሩልኝ።»

ስልኩን ቦዩ ውስጥ አለመወርወሬ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ቀዩን ኮፍያዬን ግን አውልቄ እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት፤ ጀሪካኔን ይዤ ለብቻዬ ስመላለስ፣ ከወልዲያ ወደ ደሴ የሚወርድ አውቶቡስ ጭሱን አይቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ተሳፋሪው ማን ጠራኝ ሳይል፣ የማን ነው ሳይል፣ ወረደ። ረዳቱ የመኪናውን ጀሪካን ይዞ ዘለለ። አንድ ሰውዬ አዲስ ጋቢውን ቦይ ውስጥ ነክሮ እሳቱን ይደበድብ ጀመር። ውርጌሳ ለሠርግ የሚሄዱ፣ ያማረባቸው ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው ድስቴን ያዙ፤ ምስሩ መሬት ላይ ተደፋ፣ በድስቱ ውሃ ተቀዳ። ወንዶቹ ከማሳው እርጥብ የሙዝ ቅጠል እየቆረጡ ክምሩን ከመሃል ለሁለት ከፈሉት።

አንዲት አሮጊት ቅጠል ተሸክመው ሲያልፉ አያ ይመርን አዩአቸው።

«ምን ቆማችኋል እናንተ?»

«እኛ ቃሬዛ ነን» አሉ አያ ይመር።

«ቃሬዛ ይናገራል እንዴ?» ብለው አለፏቸው።

ጠፋ። የክምሩ ግማሽ አመድ ሆነ፣ ግማሹ ቆመ። ጫፉ ትንሽ ቢጠበስም ደረቅ ነው፣ ደህና ነው፣ ለቀዮ ይሆናል። በቁጠባ ከያዝኩት ክረምት ያደርሳታል። ሰዎቹ «አይዞሽ፣ እግዜር ይተካልሽ»፣ «አላህ ይተካልሽ» እያሉ ጥላሸት እንደለበሱ ተሳፈሩ። ስማቸውን አልጠየቅሁ፣ ውሃ እንኳ አላጠጣሁ። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፍቶ ወረደ። እኔም ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ፤ የጭሱ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደድኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንግዶቹ ከች አሉ። ሰዓት ያከበሩበት ብቸኛ ቀን ያ ነው። መኪኖች ከፊት፣ ቦቴው ከኋላ። የጥምረቱ ሰብሳቢ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ወደ ሜዳው ሄዱ፤ የልምምዱ ጭድ የለም። ሜዳ ላይ ጭድ ከምረህ ስትሄድ የሠፈሩ ከብት ለእንግዳ የተቀመጠ ነው ብሎ ይተወዋል? ጥርግ አድርጎ በልቶታል። እንግዶች አሉ፣ ቦቴ አለ፣ ካሜራ አለ፣ እሳት የለም። ሰብሳቢው ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ዓይኑ ክምሬ ላይ አረፈ።

«ያ ይጨሳል» አለ።

«አመዱ ነው የሚጨሰው። እሳቱ ጠፍቷል» አልኩት።

«በባለሙያ አልተረጋገጠም፣ እህቴ። ቦቴው ይርጨው፤ እንግዶቹም ይዩ።»

እናንተዬ፣ ከተማ ላደገ ሰው ውሃ ማለት በረከት ነው። አገዳ ክምር ውስጥ ውሃ ከገባ ግን በቃ፤ ይሻግታል፣ ቀዮ አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። እሳት ያስተረፈልኝን ግማሽ ውሃ ሊወስደው ነው። ቱቦው ሲዘረጋ ሳይ መሰላል አላስፈለገኝም። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ፣ ክምሩ ላይ ወጣሁ።

«እትዬ፣ ይውረዱ» አለኝ ኪሩቤል ከታች።

«አልወርድም። የምትረጩ ከሆነ እኔን ጨምራችሁ እርጩ።»

«ልምምድ ነው እኮ እትዬ።»

«የላሜ ጉሮሮ ላይ ነው የምትለማመደው?»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «ሥራ እያደናቀፉ ነው። ሴትዮዋን አውርዷትና ቀጥሉ» አለ። ሁለት ሰዎች ወደ ክምሩ መጡ። እኔ ላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አያ ይመር ነጭ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ቃሬዛውን ከቦቴው ጎማ ፊት ለፊት መሬት ላይ አስቀመጡት። ጫማቸውን አወለቁ። «ቢስሚላህ» ብለው ተጋደሙበት።

«ምን ሆኑ አያ ይመር?» አለ ኪሩቤል ሮጦ።

«ተጎዳሁ።»

«ምንዎን?»

«እሱን መርምሮ ማወቅ የቃሬዛ ሥራ አይደለም» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወጣቶቹ ሳቃቸውን በቢጫ ኮፍያ ሸፈኑ። ኪሩቤል ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ዝቅ ብሎ አያ ይመርን አየ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ፣ «በዕቅዱ መሠረት ተጎጂ ካለ ሁሉም ሥራ ቆሞ፣ ተሽከርካሪው ቅድሚያ ተጎጂውን ነው የሚያደርሰው» አለ። ያን ጊዜ ከበላቸው እንቁላሎች አንዱን ይቅር አልኩለት። አንዱን ብቻ።

እንግዶቹ ዕቅዱን በእጃቸው ይዘዋል፤ ሰብሳቢው ምን ይበል? ቦቴ ላይ ቃሬዛ አይጫንም። ስለዚህ ቦቴው ጥሩንባውን እየነፋ ከፊት፣ ሌሎቹ አዛውንቶች አያ ይመርን ተሸክመው ከኋላ፣ እንግዶቹ ቀስ ብለው በመኪና ተከትለው፣ ጉዞው ወደ ጤና ጣቢያው ሆነ። ካሜራውም አብሮ ሄደ። ይህን ሰልፍ ነው እንግዲህ ዘይነባና ሴቶቹ ከግራና ሲመለሱ አስፋልቱ ላይ ያገኙት። ሰው በእድር ቃሬዛ፣ መኪና በሰልፍ። ሸቀጣቸውን ጥለው ዋይታውን አቀለጡት።

«ይመር፣ ይመር፣ ጠዋት ደህና አልነበርህም ወይ» እያለች ዘይነባ ደረቷን ስትመታ፣ አያ ይመር ከቃሬዛው ላይ ብድግ አሉ።

«ዘይነባ፣ ውሃ ይዛችኋል? ጠማኝ።»

«ኧረ ምን ውሃ አለን፣ ከገበያ እየመጣን» አለች፣ ሰማያዊ ኮፍያዋን እንደደፋች።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። ሪፖርቱን ተቀምጬ ሰማሁት። እሳቱ ከታቀደለት ሰዓት በፊት መነሣቱ፣ ተግዳሮት። ተጎጂን በቅንጅት ማድረስ፣ የላቀ ጥንካሬ። አውቶቡሱ? «በጥምረቱ ያልታቀፉ አካላት ያለ ድርሻቸው ጣልቃ መግባታቸው» ተባለ፤ ድክመት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከመረጃ ወጥቼ ውሃ ይዣለሁ። ኮፍያ አቃጥያለሁ። ክምር ላይ ወጥቼ ሥራ አደናቅፌአለሁ። ግለ ሂስ አድርጊ።

ተነሣሁ። ያሰብኩት ብዙ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን ንዴቱ ሁሉንም አጥቦ አንዱን ብቻ አስቀረልኝ።

«ጥፋቴ እንቁላል መጥበሴ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ይጻፍ አለ። ኪሩቤል አንገቱን ደፋ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል በሬ ተንኳኳ። ኪሩቤል ነው፣ ላፕቶፑን በላስቲክ ጠቅልሎ። ቀዮ በሰላም ተገላግላ ጥጃዋ ግቢውን ትፈነጭበታለች። ወተት ቀዳሁለት፤ ተናድጄም ቢሆን ልጅ ልጅ ነው። ጠጣና አፉን ጠርጎ፣ ወልዲያ ሌላ ስብሰባ አለና ባነሩን ላኩልን ብለውኛል አለኝ።

«የት እንዳለ ልንገርህ» አልኩት። «ክምሬ ላይ ነው።»

ወጥቶ አየ። የተረፈችኝን አገዳ ዝናብ እንዳይነካት ባነሩን ዘርግቼ፣ አራቱን ጫፍ በድንጋይ አስሬ አልብሻታለሁ። እንዲህ ያለ ጠንካራ ሸራ ከየት ይገኛል? «እሳትን በቅንጅት እንከላከል» የሚለው ወደ ታች ተዘቅዝቆ፣ በአውቶቡስ የሚያልፈው ሰው አንገቱን እያጣመመ ያነበዋል።

«እትዬ፣ እንግዲህ ቢያወርዱልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ?» አልኩት። «እኔ መረጃ ነኝ። የት እንዳለ ነግሬሃለሁ። ማውረድ የሌላ ቡድን ሥራ ነው።»